በሥራ ቦታ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትና ትንኮሳን ለመከላከል የድጋፍ ገንዘብ እንዴት ይገኛል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ማኅበራት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ሴት ሠራተኛ የበዛበት ቦታ ብዙ ነው። ሐይቁ ዳር የተደረደሩት ሆቴሎችና ሎጆች አሉ። ካፌውና ሬስቶራንቱ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት አዳራሽ አለ። በከተማዋ ዙሪያ የአበባ እርሻ አለ። አሸዋና ብሎኬት የሚያመላልሱ ሴቶች የሞሉበት ግንባታ አለ። አሳ አጽድተው የሚሸጡትም አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ስለሚደርሰው ትንኮሳ ቡና ላይ የማይወራ ነገር የለም። ያው ወሬ ፕሮፖዛል ላይ ሲሰፍር ግን ነፍስ ያጣል። «ለ200 ሴቶች የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና መስጠት» ይሆናል። ለጋሹ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከስንቱ ማኅበር አንብቧታል። ያልፋታል።

ይህ መመሪያ ለትንንሽ ማኅበራት፣ ለሠራተኛ ማኅበራትና ለሴቶች ኅብረት ሥራዎች ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ትንኮሳ የሚደርሰው የአንዳንድ ሰው አመል ስለከፋ ብቻ አይደለም። የሥራው አደረጃጀት ቀዳዳ ስለሚሰጠው ነው። ፈረቃው፣ ቁልፉ፣ የደመወዙ አከፋፈል፣ የማታ መመለሻው፣ አቤቱታ የሚቀበለው ሰው። ገንዘብ ስትጠይቁ እነዚህን ለመቀየር ጠይቁ። ቲሸርትና ባነሩ ይቆየን።

1. መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት ያዙ

ብዙ ሰው ከለጋሹ ድረ ገጽ ይጀምራል። እናንተ ከሥራ ቦታው ጀምሩ። «በባሕር ዳር ከተማ የሴቶች ጥቃት» የሚል ርዕስ ለማንም አይጨበጥም። ሦስት ሆቴል፣ ወይም አንድ የስፌት ፋብሪካ፣ ወይም አንድ የአሳ ማራገፊያ ምረጡ።

ከዚያ ሴቶቹን ስሟቸው። አካሄዱ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። «ትንኮሳ ደርሶብሽ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ አይገባም። አንደኛ መልስ አታገኙም። ሁለተኛ የምትመልስ ብትኖርም አደጋ ላይ ትጥሏታላችሁ፤ ጎኗ የተቀመጠችው የሱፐርቫይዘሩ እህት ልትሆን ትችላለች። ስለ ቦታና ስለ ሰዓት ጠይቁ። «ብቻሽን መግባት የማትወጂው ክፍል የትኛው ነው?» «ከሥራ ስትወጪ ስንት ሰዓት ይሆናል? በምን ትሄጃለሽ?» «እረፍት ቀን ብትፈልጊ ማንን ትለምኛለሽ?» እነዚህን ማንም ሴት የራሷን ታሪክ ሳታወጣ ትመልሳቸዋለች።

ከሥራ ቦታው ውጭ ተገናኙ። የአንዷ ቤት ቡና ከተፈላ ከየትኛውም አዳራሽ ይሻላል። የመገኘት ፊርማ አታስፈርሙ፣ ፎቶ አታንሱ። ለሒሳብ ማወራረጃ የግድ ስም ያስፈልጋል የሚል ሒሳብ ሹም ካለ፣ ለትራንስፖርት የተከፈለውን ከሌላ ሥራ ጋር ሳያያይዝ በመለያ ቁጥር እንዲይዘው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ምን ዓይነት ነገር እንደሚወጣ በምሳሌ ላሳያችሁ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንበል። አስተናጋጆቹ ማታ ሥራ ሲያልቅ የዕለቱን ሒሳብ ያስረክባሉ። የሚረከበው የፈረቃው ኃላፊ ነው። ቦታው ከኩሽናው ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ነው። የሚገቡት ተራ በተራ፣ አንድ በአንድ ነው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ «ገንዘብ ስላለ»። ሒሳብ ጎደለ ከተባለ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ጎደለ የሚለውም፣ ይቅር የሚለውም ያው ሰውዬ ነው። እዚህ ውስጥ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ለማወቅ የማንንም ምስክርነት መጠየቅ አያስፈልግም። መፍትሔውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ርክክቡ ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ሰው ባለበት፣ በደረሰኝ ይሁን። የጎደለ ሒሳብ በሌላ ሰው ይጣራ።

እንዲህ ያለ አንድ ገጽ በእጃችሁ ካለ ፕሮፖዛሉ ግማሽ ደርሷል።

በነገራችን ላይ፣ የምታገኙት ችግር አምፖል ከሆነ ፕሮፖዛል አትጻፉ። ባለቤቱን አናግራችሁ አስቀይሩት። ለጋሽ የሚፈለገው ጊዜ፣ ባለሙያና ክትትል ለሚጠይቀው ነው።

2. ሕጉን በሁለት አንቀጽ ያዙት

ለጋሹ የሕግ ትንታኔ አይፈልግም። ሥራችሁ መሠረት እንዳለው ማየት ግን ይፈልጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ይተረጉማል። በአንቀጽ 14 በሥራ ቦታ መፈጸማቸውን ይከለክላል። በአንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን እንድታቋርጥ ይፈቅዳል። እነዚህን ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሚተዳደሩ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሕጉን አታምታቱ።

ክፍተቱን መጻፍ ደግሞ ከሕጉ የበለጠ ያስመርጣል። የቤት ሠራተኛዋ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ራሷ ገዝታ ራሷ የምትሸጠው አሳ ነጋዴም «ሠራተኛ» አይደለችም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ግን ሰፋ ይላል። መደበኛ ያልሆነውን ሥራ፣ ተለማማጇን፣ ሥራ ፈላጊዋን ይጨምራል። ቦታውንም ያሰፋዋል፦ የሚታረፍበት፣ የሚታጠቡበት፣ አሠሪው የሚሰጠው መኖሪያ፣ ወደ ሥራ የሚኬድበትና የሚመለስበት መንገድ፣ በስልክ የሚላከው መልእክትም ጭምር። አንድ ጊዜ የተፈጸመም ቢሆን ይቆጠራል። ከፋብሪካው ፈረቃ ወጥታ በጨለማ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄደዋን ልጅ ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ የምታስገቡበት መንገድ ይኼ ነው። ብዙ ለጋሾች ስምምነቱን በስሙ ጠቅሰው ስለሚጠይቁ ቁጥሩን ያዙት።

3. ወረቀታችሁን አሁን አስተካክሉ

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው። የሚያስወድቀውም እሱ ነው። ጥሪ ከወጣ በኋላ የሚጀመር አይደለም።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከመውጣቱ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። በቀድሞው ሕግ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ የኢትዮጵያ ማኅበር ከውጭ ማግኘት የሚችለው ከገቢው 10 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ገደብ ተነሥቷል። ስለዚህ «የውጭ ገንዘብ አይፈቀድልንም» የሚል የቆየ ፍርሃት ካለ ይቅር። ሥራችሁ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ ነው፤ ከአንድ ክልል በላይ ከሆነ በፌዴራሉ ባለሥልጣን።

ማህደራችሁ ውስጥ የታደሰ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በማኅበሩ ስም የተከፈተና ሁለት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤዎች፣ የኦዲት ሪፖርቶችና የቅርቡ ዓመታዊ ሪፖርት ይኑሩ። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ በስልካችሁም፣ በፍላሽም፣ በኢሜይልም አስቀምጡ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ፖሊሲ ትጠየቃላችሁ። አንዱ የፋይናንስ መመሪያ ነው። ሌላው የራሳችሁ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በሚያገለግሏቸው ሴቶች ላይ ጥቃት እንዳይፈጽሙ የሚከለክል መመሪያ። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ስሙን ቀይራችሁ አታስገቡ። አንድ ገጽ ይብቃ፣ ግን የእናንተ ይሁን። የእናንተ ሥራ አስኪያጅ ቢከሰስ አቤቱታው ለማን ይቀርባል? ለእሱው ከሆነ መመሪያ የላችሁም ማለት ነው። ገምጋሚዎች በቀጥታ የሚያዩት ይህንን ነው፤ ሌላውን ለመከላከል የመጣ ድርጅት የራሱን ቤት እንዴት እንደያዘ።

ምዝገባ ወይም ኦዲት ገና የሌላችሁ ብትሆኑ መንገዱ አልተዘጋም። ከተመዘገበ ማኅበር ጋር በንዑስ አጋርነት ግቡ። የማን ድርሻ ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ተፈራረሙ። በቃል የተጀመረ አጋርነት ገንዘቡ ሲመጣ ጠብ ይሆናል።

4. ለጋሹን ምረጡ፣ የማይሆናችሁን ቶሎ ጣሉ

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የሚያማልል ነገር ብዙ ይመጣል። ለምሳሌ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሴቶች ቢሮ በሥራ ቦታ ጾታዊ ጥቃትና ትንኮሳን ለመከላከል በሚል ስም ገንዘብ ሰጥቷል። ርዕሱ ቁርጥ የእናንተ ነው። ግን ለአገራቸው ድርጅቶች ነው። ማንኛውንም ጥሪ ስትከፍቱ መጀመሪያ «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንብቡ። ሁለት ቀን ታተርፋላችሁ።

ዩኤስኤይድን ተስፋ ያደረገ አሮጌ ዕቅድ ካላችሁም አውጡት። ድጋፉ በጥር 2017 ዓ.ም. ታገደ፤ ድርጅቱም እስከዚያው ክረምት ድረስ ሥራውን አቆመ። ያ ገንዘብ ሲደርቅ ትልልቆቹ ድርጅቶችም ወደ ትንንሾቹ ጥሪዎች ስለመጡ ፉክክሩ ጠንክሯል።

ለእናንተ ሊሆኑ የሚችሉት እነዚህ ናቸው።

የካናዳ ኤምባሲ የሚያስተዳድረው የአካባቢ ተነሳሽነቶች ፈንድ ለጀማሪ ማኅበር ጥሩ በር ነው። ጣሪያው 100,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ በተግባር የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፕሮጀክቱ አጭር ነው፣ ቅጹም አያስፈራም። የጾታ እኩልነት ከሚያተኩርባቸው ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ሦስት ሆቴል ላይ ለሚሠራ ሥራ ልክ ነው።

በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለማስቆም የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ትረስት ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ። የሚያስተዳድረው የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት (ዩኤን ዊሜን) ነው። ለትንንሽ ድርጅቶች ከ50,000 ዶላር የሚጀምር ድጋፍ ይሰጣል፣ ለዓመታት የሚቆይ። በሴቶች የሚመሩ ድርጅቶችን ያስቀድማል። ነገር ግን የበርካታ ዓመታት ኦዲትና ልምድ ይጠይቃል። ገና ሁለተኛ ዓመታችሁ ከሆነ ጉልበታችሁን አትጨርሱበት።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አክራ የሆነው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ አፍሪካውያን ሴቶች ለሚመሯቸው ማኅበራት ገንዘብ ይሰጣል። አንድ ነገር ይለየዋል፤ ለድርጅቱ መቆሚያ የሚሆን ወጪም ያስባል።

የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች ትልልቅ ናቸው፤ መጀመሪያ አጭር መነሻ ሐሳብ፣ ካለፈ ሙሉ ፕሮፖዛል ይጠይቃሉ። ለትንሽ ማኅበር በቀጥታ አይመከርም። ግን ያሸነፉት ትልልቅ ድርጅቶች ከገንዘቡ ለትንንሾች የሚያከፋፍሉበት አሠራር አለ። እዚያ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።

ከዚህ ውጭ ደግሞ አጠገባችሁ ያለ ገንዘብ አለ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ የትንኮሳ አንቀጽ ማስገባት ሳንቲም አይጠይቅም። ከሌለም አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የማታ ሰርቪስ በስምምነቱ ውስጥ ከገባ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ለጋሽ የሦስት ዓመት ሰርቪስ ከሚከፍል ይህ ይበልጣል።

5. ከአሠሪው ፊርማ አምጡ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው። አሠሪው ካልፈቀደ በሩን አታልፉም። ለጋሹም ይህን ያውቃል፤ የትብብር ደብዳቤ ያለውና የሌለው ማመልከቻ እኩል አይታዩም።

ለሆቴል ባለቤት ስትሄዱ «ቤትዎ ውስጥ ትንኮሳ አለ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ልናጋልጥዎት አልመጣንም። አስተናጋጅ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምትለቅ አብረን እንይ። የማታ ርክክቡን እናስተካክል። ወጪውን እኛ እንፈልጋለን፣ እርስዎ የሚሰጡን ቦታና ፈቃድ ነው።» ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር አዲስ ማሰልጠን ምን ያህል እንደሚያከስረው ከእናንተ የበለጠ እሱ ያውቀዋል።

ደብዳቤው ላይ አራት ነገር ይኑር፦ የማን ድርጅት እንደሆነ፣ ምን እንዲቀየር እንደተስማማ፣ አቤቱታ ያቀረበች ሴት እንደማትባረርና ፈረቃዋ እንደማይነካ፣ እናንተም የሆቴሉን ስም ያለ ፈቃድ ይፋ እንደማታወጡ። ማኅተም ይኑረው። ሦስተኛውን አልፈርምም የሚል አሠሪ ካጋጠማችሁ ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ። ያንን ሳትይዙ ሴቶቹን አቤት በሉ ማለት እሳት ውስጥ መላክ ነው።

ጎን ለጎን ከሥራና ስልጠና ቢሮው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችና ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ሕክምና ለሚያስፈልጋት ሆስፒታል፣ ጠበቃ ለሚያስፈልጋት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ተቋም ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትንና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አነጋግሩ። ይህ የመላኪያ መንገድ ሳይኖር አቤቱታ መቀበል አትጀምሩ። አንዲት ሴት ነግራችሁ «እሺ፣ እንግዲህ በርቺ» ብላችሁ ከሸኛችኋት ጎዳችኋት።

6. ችግሩንና መፍትሔውን ጻፉ

መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ቡድኑ ሁሉ አንብቦ ይከራከርበት። ትርጉሙ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «በከተማችን የሚገኙ ሴቶች በግንዛቤ ማነስ ምክንያት ለልዩ ልዩ ጾታዊ ጥቃቶች ተጋላጭ ናቸው።» ጥፋቱን ወደ ሴቶቹ አዞረው፣ ምንም አላሳየም። እንዲህ ብትሉትስ? «በሦስቱ ሆቴሎች የሚሠሩ አስተናጋጆች በየማታው ሒሳብ የሚያስረክቡት በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ የደመወዝ ቅጣት የመወሰን ሥልጣን ላለው አንድ ኃላፊ፣ ለብቻቸው ነው። አቤቱታ የሚቀርበውም ለዚያው ኃላፊ ነው። ፕሮጀክቱ ርክክቡን ወደ ክፍት ቦታ ያዛውራል፣ ቅጣት የመወሰኑን ሥልጣን ከተረካቢው ይለያል፣ ከኃላፊው ውጭ የሆነ አቤቱታ ተቀባይ ያቋቁማል።» ሁለተኛውን ያነበበ ገምጋሚ ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ይመስለዋል።

መፍትሔያችሁ ሥራውን መቀየር እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ከሌላ ሐይቅ አለላችሁ። በቪክቶሪያ ሐይቅ የኬንያ ዳርቻ አሳ የሚሸጡ ሴቶች አሳ ለማግኘት ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር እንዲተኙ ይገደዱ ነበር። አንድ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ በተገኘ ድጋፍ የራሱን ጀልባዎች አገኘ። ጀልባው የሴቶቹ ሲሆን አጥማጁ ተቀጣሪያቸው ሆነ፤ መደራደሪያው ተገለበጠ። ችግሩም አብሮ ይነገር፦ የእንጨት ጀልባዎቹ አረጁ፣ ማደሻ ገንዘብ አልነበረም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጎርፍ መንደሩን አጠፋው። ጣና ዳር በአሳ ላይ የምታስቡ ከሆነ ነገሩ እዚህም እንዲያው ነው ብላችሁ አትነሡ። ማራገፊያው ላይ ሄዳችሁ እዩ። ቆሮሶው (አሳው) ሲራገፍ ቀድማ የምትገዛው ማን ናት? ማን ይወስናል? ዱቤ የሚሰጠው ማን ነው? መልሱ ፕሮጀክታችሁን ይነግራችኋል።

ሥልጠና ጨርሶ አይኑር አልልም። ለማን የሚለው ላይ ነው ጨዋታው። ሴቶቹን «ራሳችሁን ጠብቁ» ብሎ ከማሠልጠን የፈረቃ ኃላፊዎችን፣ የጥበቃ ሠራተኞችንና የባጃጅ ሾፌሮችን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማሠልጠን ይሻላል። ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 የሚከበረውን የ16 ቀን ዘመቻም ዋና ተግባር አታድርጉት። በዓሉ ያልፋል፣ ዕቃ ቤቱ እዚያው ነው።

የስጋት ክፍሉን በቅጡ ሙሉት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተፈጠረውን ግጭት፣ የእንቅስቃሴ ገደቡንና ለወራት ተቋርጦ የነበረውን ኢንተርኔት ለጋሹ ያውቃል። «ምንም ስጋት የለም» ብትሉት አያምናችሁም። መንገድ ቢዘጋ የትኛው ሥራ በከተማ ውስጥ ብቻ ይቀጥላል? ኢንተርኔት ቢጠፋ ሪፖርቱ በምን ይላካል? ማታ መውጣት ቢከለከል የምሽት ፈረቃ ሠራተኛዋ የት ታድራለች? እነዚህን መልሱ።

7. በጀቱ ታሪኩን ይናገር

በጀት ላይ የሚታየው ወጪ ትረካው ላይ መኖር አለበት፣ ትረካው ላይ ያለውም በጀቱ ላይ። አቤቱታ ተቀባይ እናቋቁማለን ብላችሁ የስልክ ካርድና የትራንስፖርት ገንዘብ ካላስገባችሁ ገምጋሚው ይይዛችኋል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እንበል ፕሮጀክቱ 2 ሚሊዮን ብር ቢሆን 400,000 ብር ነው ጣሪያው። ለጋሹ ከዚያ ያነሰ ሊያዝ ይችላል። ምኑ አስተዳደራዊ፣ ምኑ የፕሮግራም ወጪ እንደሆነ በመመሪያው አስቀድማችሁ ለዩ፤ የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ የት ላስገባው የሚለው የሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው።

የሚረሱ ወጪዎች አሉ። ለተጎዳች ሴት አስቸኳይ ትራንስፖርት፣ ሕክምናና የጥቂት ሌሊት ማረፊያ። ለመጡ ተሳታፊዎች የልጅ መያዣ። ጉዳይ ለሚሰሙ ሠራተኞቻችሁ እረፍትና የምክር አገልግሎት። ኦዲት። በሌላ በኩል የአዳራሽ ኪራይ፣ ምሳና አበል ግማሹን በጀት ከያዘ ፕሮጀክቱ ስብሰባ ነው ማለት ነው፤ ቀንሱ።

ምንዛሪውንም አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የጸደቀ በጀትና በብር የሚከፈል ዋጋ አብረው አይሄዱም። የገበያ ዋጋ የሰበሰባችሁበትን ቀንና የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪ በጀቱ ግርጌ ጻፉ። ትርፍ ወይም ጉድለት ቢመጣ የት እንደሚዛወርም ከለጋሹ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

8. መለኪያው ላይ አትዋሹ

«ትንኮሳን በ50 በመቶ መቀነስ» አትጻፉ። መነሻ ቁጥር የላችሁም፣ በአንድ ዓመትም አይለካም። ደግሞ ጥሩ አቤቱታ መቀበያ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሆነው የአቤቱታው ቁጥር መጨመር ነው። ሴቶቹ አምነዋል ማለት ነው። ይህን ለለጋሹ ቀድማችሁ ካልነገራችሁት የመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ይደነግጣል።

ሊታይ የሚችለውን ለኩ። ርክክቡ ወደ ክፍት ቦታ ተዛውሯል ወይስ አልተዛወረም? አቤቱታ ቀርቦ በስንት ቀን መልስ አገኘ? ያመለከተችው ሴት ከስድስት ወር በኋላ ሥራዋ ላይ አለች? የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ጉዳዮችን በመለያ ቁጥር ያዙ። ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው ወረቀት ሌላ ቦታ ይቆለፍ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ብቻ ይሁን። «የስኬት ታሪክ ከፎቶ ጋር ላኩ» የሚል ለጋሽ አይጠፋም። ባሕር ዳር ሰው በሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ፊት ባይታይ እንኳ ቀሚሷና የሥራ ቦታዋ ይናገራሉ። የተቀየረውን የርክክብ ጠረጴዛ ፎቶ ላኩ።

9. ማስገባት

የጊዜ ገደብ ብዙ ማኅበር ይጥላል። ቀኑ በአውሮፓውያን ነው፤ ሰዓቱም የእነሱ ነው። 23:59 በግሪንዊች ከተባለ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ ቀኑ ደግሞ ተሻግሯል። በብራስልስ ሰዓት 16:00 ከተባለ በእነሱ ክረምት (በብርዱ ወቅት) በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት ነው። ግድግዳ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ለጥፉ። መብራትና ኔትወርክ እንዳለ አትገምቱ፤ ከሦስት ቀን በፊት አስገቡ። ማረጋገጫ መልእክቱን አትሙት።

ከመላካችሁ በፊት ሥራውን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። አንብቦ «ምን ልትሠሩ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለ ገምጋሚውም አይችልም።

10. መልሱ ሲመጣ

ውድቅ ከሆነ አስተያየት ጠይቁ፤ አንዳንዱ ለጋሽ ይሰጣል። ያቺ የቦታው አንድ ገጽ አትጣል፣ ለሚቀጥለው ጥሪ ታገለግላለች።

ከጸደቀ ቶሎ ብላችሁ ገንዘብ ማውጣት አትጀምሩ። ከክልሉ ፋይናንስ ቢሮና ከሚመለከተው የዘርፍ ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት መፈራረም አለ። ጊዜ ይወስዳል፣ በዕቅዳችሁ ውስጥ ወራት አስቡለት። ውሉ ላይ ገንዘቡ በስንት ዙር እንደሚለቀቅ አንብቡ። አብዛኛው ለጋሽ የመጨረሻውን ድርሻ የሚለቀው የመጨረሻው ሪፖርትና ኦዲት ከጸደቀ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የአቤቱታ ተቀባይዋ ደመወዝና የስልኩ ወጪ ከየት ይከፈላል? ከመፈረማችሁ በፊት ከቦርዱ ጋር ቁጭ ብላችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት፤ የድርሻውን የሚሸፍን ሆቴል ካለም ግዴታው በዚያው የትብብር ደብዳቤ ላይ ይጨመር።